ያለ ደመወዝ ስለ ተነጠፈ ሐዲድ

በእንግሊዝ ደሴት በስተ ምዕራብ ዌልስ የሚባል ተራራማ አገር አለ። የራሱ ቋንቋ፥ የራሱ ዜማና የራሱ ኩራት ያለው ሕዝብ ይኖርበታል። በዚህ አገር ታዊን ከምትባል የባሕር ዳር ከተማ ተነሥታ ወደ ተራራው የምትወጣ፥ ታሊሊን የተባለች አንዲት ትንሽ የምድር ባቡር አለች። ርዝመቷ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋትም ከ69 ሳንቲ ሜትር አያልፍም። ከጅቡቲ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው የእኛው አሮጌ መስመር 784 ኪሎ ሜትር ርዝመትና 1 ሜትር ስፋት ስለ ነበረው፥ ከእርሱ ጋር ሲያስተያዩአት የልጅ መጫወቻ ትመስላለች። ይሁን እንጂ በዓለም ላይ ደመወዝ በማይቀበሉ በጎ ፈቃደኞች እጅ ከመዘጋት የዳነች የመጀመሪያዋ ባቡር ይህች ናት። ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብዙ ጽፈዋል፤ እኔ ዛሬ ለወጣት አንባቢዬ ልጽፍለት የወደድሁት ግን የበሰበሰ እንጨት እየነቀሉ አዲስ እንጨት ስለ ተከሉ ሰዎች ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላስታውቅ።

አስቀድሜ ስለ ድንጋዩ ልንገርህ፤ ድንጋዩ ባይኖር ባቡሩም አይኖርምና። በሰሜን ዌልስ ተራሮች ውስጥ እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተሰነጠቀ የሚነሣ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ድንጋይ ይገኛል። ሠራተኞቹ በመሮ እየሰነጠቁ ቀጭን ገበታ ያደርጉትና የቤት ጣራ ይከደንበታል። ባለፈው በፊት በነበረው መቶ ዓመት የእንግሊዝ ፋብሪካዎች በርክተው ከተሞቿ በሰፉ ጊዜ የጣራ ድንጋይ ፈላጊው እጅግ በዛ። በአጋሰስና በጋሪ እየተጫነ የሚወርደው አልበቃ ስላለ፥ ብሪን ኤግልዊስ ከተባለው የድንጋይ ማውጫ ወደ ታዊን የሚወርድ ሐዲድ በ1865 ተሠራ። ሁለት ሎኮሞቲቮች ተገዙለት፤ አንደኛው ታሊሊን፥ ሁለተኛው ዶልጎኽ ተባለ። ድንጋይ ከሚጭኑት ፉርጎዎች ጋር ጥቂት የመንገደኛ ፉርጎዎች እየተቀጠሉ የሸለቆው ገበሬ ወደ ገበያ፥ ልጁም ወደ ትምህርት ቤት ይሄድባቸው ነበር።

በ1911 ድንጋይ ማውጫውንም ባቡሩንም ሄይደን ጆንስ የሚባሉ የታዊን ሰው ገዙ። በኋላ ሰር ተብለው የተሾሙ፥ ለብዙ ዓመታትም አውራጃቸውን ወክለው በእንግሊዝ ፓርላማ የተቀመጡ ናቸው። ዘመኑ ተለዋውጦ ጣራ በሸክላና በሌላ ነገር መከደን ሲጀምር የድንጋዩ ንግድ እየቀዘቀዘ ሄደ። በ1946 መጨረሻ ላይ ከማውጫው ውስጥ ዋሻው ስለ ተደረመሰ ሥራው ፈጽሞ ቆመ። ሽማግሌው ግን እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ ባቡሩ አይቆምም የሚል ቃል ስለ ነበራቸው፥ ኪሳራውን ከኪሳቸው እየከፈሉ በበጋ ወራት በሳምንት ጥቂት ቀን ባቡሯን ማስኬዳቸውን ቀጠሉ። መንግሥት በ1948 የአገሩን የምድር ባቡሮች ወደ ራሱ ሲያዞር ታሊሊን ከመዝገቡ ሳትገባ ቀረች። እንግዲህ መንግሥትም የማይፈልጋት፥ ነጋዴም የማያያት፥ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቃሉን አክብሮ የያዛት ባቡር ሆነች ማለት ነው። ሰር ሄይደንም በ1950 በሐምሌ ወር ሞቱ።

በዚያው ጊዜ ቶም ሮልት የሚባል መሐንዲስና ደራሲ ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል የተዘነጉ የእንግሊዝ የጀልባ ቦዮች እንዳይደፈኑ ከጓደኞቹ ጋር ማኅበር አቋቁሞ የተከራከረ ነው። ስለ ታሊሊን ወደ ጋዜጣ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከሚመስሉት ሰዎችም ጋር ተማክሮ ጥቅምት 11 ቀን 1950 በበርሚንግሃም ከተማ በአንድ ሆቴል ስብሰባ ተጠራ። በዚያ ስብሰባ ላይ የተነሣው አሳብ ከዚያ በፊት በየትም አገር ያልተሞከረ ነበር፤ ይኸውም ባቡሩን መንግሥትም ኩባንያም ሳይሆን፥ የሚወዱት ሰዎች ራሳቸው በትርፍ ጊዜአቸው እየሠሩ ያቆዩት የሚል ነው። የባቡር አዋቂዎች ነገሩን በፈገግታ ሰሙት። ሎኮሞቲቭ መንዳት፥ ምልክት መጠበቅና ሐዲድ ማቅናት ከልጅነት ጀምሮ የሚማሩት ሥራ ነውና፥ የባንክ ጸሐፊና አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ እንዴት ይሠራዋል? ጥያቄው የሚናቅ አልነበረም። ሆኖም የሰር ሄይደን ባለቤት ተስማሙ፤ ማኅበሩም ሥራውን ተረከበ። ግንቦት 14 ቀን 1951 የመጀመሪያው ባቡር ከታዊን ተነሥቶ ሪዲሮነን እስከምትባለው ትንሽ ጣቢያ ድረስ ብቻ ሄዶ ተመለሰ።

እስከዚያች ጣቢያ ብቻ የሄደበትን ምክንያት ለማወቅ ሐዲዱን ማየት ያስፈልጋል። አብዛኛው ብረት መስመሩ በተከፈተ ጊዜ የተዘረጋው ነበር። ሰማንያ አምስት ዓመት ሙሉ መንኰራኵር ሲሄድበት ከላይ ተበልቷል፤ ዝገት ደግሞ ከሥር ቀጥኖታል። ሐዲዱ የሚያርፍባቸው አግዳሚ እንጨቶች ከመበስበሳቸው የተነሣ ሚስማሩ በጣት ይነቀል ነበር። ታዲያ ሐዲዱን በቦታው ይዞ ያቆየው ምን ነበር ብትል፥ ሣሩ ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት በቅሎ፥ ሥሩን በብረቱና በእንጨቱ መካከል ሰድዶ፥ መስመሩን እንደ ስፌት አያይዞት ኖሯል። ስለዚህ እንክርዳዱን እናጽዳ ብሎ ሣሩን የሚነቅል ሰው ሐዲዱን እየፈታ ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ ባነበብሁ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ከአሳቤ አልወጣም።

ሌላ ችግር ደግሞ ነበር። ዶልጎኽ ብቻዋን የምትሠራ፥ እርሷም ያረጀች ስለ ነበረች፥ ማኅበሩ በአቅራቢያው ከተዘጋችው ከኮሪስ ባቡር ሁለት ሎኮሞቲቮችን እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዛ። ስፋታቸው ልክ ነበርና ሁሉም ደስ አለው። ነገር ግን አንደኛዋ ወደ መስመሩ በወጣች ጊዜ መንኰራኵሯ ከሐዲዱ እያመለጠ በሁለቱ ብረቶች መካከል ይወድቅ ጀመር። ሲመረምሩት የታሊሊን ሐዲድ ከመጀመሪያው በይፋ ከሚነገረው ልክ በአንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሰፍቶ የተነጠፈ ሆኖ ተገኘ፤ እንጨቱ ሲበሰብስ ደግሞ ይበልጥ ከፍቶ ነበር። የጥንቶቹ ሁለት ሎኮሞቲቮች መንኰራኵራቸው ሰፊ ስለ ሆነ ጉድለቱን ሸፍነውት ኖረዋል፤ የእንግዳይቱ መንኰራኵር ግን ጠባብ ነበረና ጉድለቱን ገለጠው። ከዚህ በኋላ ሎኮሞቲቭ መግዛትና ቀለም መቀባት ብቻውን ባቡር እንደማያቆም፥ መስመሩ ከሥሩ ተነቅሎ እንደገና መነጠፍ እንዳለበት ለሁሉም ግልጽ ሆነ።

የሐዲድ ንጣፍ ምን ዓይነት ሥራ እንደ ሆነ ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። መጀመሪያ ሁለቱን ሐዲድ የሚያጋጥመው ብረት ቡሎኑ ይፈታል፤ በዝገት የተያዘ ከሆነ በመሮ ይቆረጣል። ሚስማሩ ተነቅሎ ሐዲዱ በብዙ ሰው ትከሻ ይነሣል። የበሰበሰው እንጨት ይወጣል፤ ከሥሩ ያለው ጭቃ በአካፋ ተዝቆ ውሃ የሚወርድበት ቦይ ይከፈታል፤ ውሃ የተኛበት መስመር ዕድሜ የለውምና። ቀጥሎ ጠጠር ይነጠፋል፤ አዲሱ እንጨት እኩል በሆነ ርቀት ይደረደራል፤ ሐዲዱ ይወርድና በልክ መለኪያ ብረት እየተመዘነ ይመታል። ሐዲዱ ፀሐይ ሲመታው ስለሚረዝም፥ በሁለት ሐዲዶች መጋጠሚያ ላይ ትንሽ ክፍተት መተው ግድ ነው። መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ውጭኛው ሐዲድ ከውስጠኛው ጥቂት ከፍ ይላል፤ ፈረሰኛ ሲታጠፍ ወደ ውስጥ እንደሚያዘነብል ዓይነት ነው። በመጨረሻ ጠጠሩን ከእያንዳንዱ እንጨት ሥር በዶማ እየወቀሩ ያጠብቁታል። አንድ ሰው በሆዱ ተኝቶ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ በሐዲዱ ላይ እየተመለከተ፥ ወደ ግራ፥ ትንሽ ወደ ቀኝ፥ በቃ እያለ ያስተካክላል። ይህ ሁሉ ሲደረግ የሚያልቀው ጥቂት ሜትር ነው። የዌልስ ዝናብ ደግሞ እንደ ሐምሌ ዝናባችን ነው፤ ልዩነቱ ሐምሌን አለመጠበቁ ብቻ ነው።

ወደዚህ ሥራ የመጡት ሰዎች ሁሉም መላእክት ነበሩ ብዬ አላታልልህም። ባቡር የሚወድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚወደው ሎኮሞቲቩን ነው። ፉጨቱን መንፋት፥ ከሰል መጨመር፥ ባርኔጣ አድርጎ በጣቢያው ላይ መንጎራደድ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ጭቃ ውስጥ ቆሞ አካፋ የሚይዝ ግን ያንሳል። ባስተማርሁበት በአንድ ትምህርት ቤት የተሰበሩ ዴስኮችን ቅዳሜ ቅዳሜ ለመጠገን ተማሪዎች ማኅበር ሲመሠርቱ አይቻለሁ፤ ሊቀ መንበር፥ ምክትልና ጸሐፊ ለመመረጥ አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ በሦስተኛው ቅዳሜ መዶሻ የያዙት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። በዌልስም የሰው ጠባይ ሌላ አይደለም። ታሊሊንን ያዳኗት በሦስተኛው ቅዳሜ የተመለሱት ናቸው። ሠራዊቱም ረድቷቸዋል፤ በ1953 የተጠባባቂ ጦር መሐንዲሶች ለልምምድ መጥተው አንዱን ክፍል አንጥፈውላቸዋል።

በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ15,000 የሚበልጥ መንገደኛ ተሳፈረ፤ የትኬቱም ገንዘብ እንጨትና ብረት መግዣ ሆነ። በ1952 ከመጡት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ኦድሪ የሚባሉ ቄስ ነበሩ። ለልጆች የባቡር ተረት የሚጽፉ ናቸው፤ ከተረቶቻቸውም ብዙዎቹ በዚህች ባቡር ላይ ከደረሰው የተወሰዱ ናቸው። አንድ ቀን የባቡሩ ጠባቂ ሆነው ሲሠሩ ፉጨታቸውን ነፍተው ባቡሩን አስነሡ፤ ነገር ግን ለመንገደኛው ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ከጣቢያው ቀርታ ስትሮጥ ታየች። ይህንኑ ለልጆች ታሪክ አደረጉት። እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ የእኚህ ቄስ ትንንሽ መጻሕፍት ነበሩ። እንግሊዝኛ ያነበብነው በእነርሱ ነው። ያች በሥዕሉ ላይ የምትታይ ትንሽ ባቡር በእውነት ያለች መሆኗንና ሐዲዷንም ሰዎች በነጻ እያነጠፉ እንደሚያቆዩአት ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፥ እኔም በተራዬ አስተማሪ ከሆንሁ ወዲያ ነው።

ይህን ታሪክ በክፍል ውስጥ ስነግር አንድ ጐበዝ ተማሪ እጁን አንሥቶ፥ «የኔታ፥ ታዲያ ሰዎቹ ምን አገኙ?» ሲል ጠየቀኝ። ሌላው፥ «ደቦ ነዋ!» አለው። መልሱ ጥሩ ነበር፤ ግን ልክ አይደለም። በደቦ ዛሬ የአንተን እርሻ ካረስሁልህ ነገ የእኔን ታርስልኛለህ፤ ጠላውና እንጀራውም ከባለቤቱ ነው። የታሊሊን ሠራተኛ ግን የሚታረስለት እርሻ የለውም። እንዲያውም የማኅበሩን መዋጮ በየዓመቱ እየከፈለ፥ የመንገዱንም ወጪ ከኪሱ እያወጣ ነው ሊደክም የሚመጣው። ለተማሪው የሰጠሁት መልስ፥ ሰው በሳምንቱ ውስጥ የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ ፍጻሜው አይታየውም፤ በደብዳቤና በመዝገብ መካከል ይጠፋበታል፤ እነዚህ ግን ጠዋት ያልነበረ ሐዲድ ማታ ባቡር ሲሄድበት ያያሉ የሚል ነበር። ልጁ አልረካም። ማሰቡን ሳይተው ስለ ሄደ እኔ ረክቻለሁ።

ከታሊሊን በስተ ሰሜን ፌስቲኒዮግ የምትባል ሌላ የድንጋይ ባቡር አለች፤ የእርሷ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የሚከብድ ነው። በ1836 ስትከፈት ሎኮሞቲቭ አልነበራትም። ከተራራው እስከ ባሕሩ ድረስ ሐዲዱ ሳያቋርጥ እንዲያዘቀዝቅ ተደርጎ ስለ ተሠራ፥ ድንጋይ የተጫኑት ፉርጎዎች በገዛ ክብደታቸው ይወርዱ ነበር፤ ባዶዎቹን ወደ ላይ የሚጎትቱት ፈረሶች ሲሆኑ፥ ሲወርዱ ፈረሶቹም በፉርጎ ተሳፍረው ገለባቸውን እየበሉ ይወርዱ ነበር። በእንፋሎት መጎተት የተጀመረው በ1863 ነው። ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሐዲድ ላይ ይህን ያህል ጭነት መሄዱ ያስደነቃቸው የልዩ ልዩ አገር መሐንዲሶች፥ የሩስያም መልእክተኞች ሳይቀሩ፥ በ1870 መጥተው ጐብኝተዋታል። በ1946 ግን ተዘጋች። ሐዲዱ ሳይነቀል፥ ሎኮሞቲቮቹም በቆሙበት ላይ ቁጥቋጦ በቀለባቸው። በ1954 አለን ፔግለር የሚባል ሰው የኩባንያውን አክሲዮን ለመግዛት ቻለና ለራሱ ሳያስቀር ለበጎ አድራጎት ድርጅት አስተላለፈው። በጎ ፈቃደኞቹም ቁጥቋጦውን እየመነጠሩ በ1955 ከባሕሩ በኩል ጀመሩ፤ በ1958 ታን ኢ ቡልኽ ከተባለው ጣቢያ ደረሱ።

መከራው የመጣው በዚህ መካከል ነው። የመንግሥቱ የኤሌክትሪክ ባለ ሥልጣን በተራራው ላይ አዲስ ዓይነት ጣቢያ ለመሥራት ወሰነ። ሥራው ብልህ ነው፤ ሌሊት ሰው ተኝቶ ኤሌክትሪክ ሲተርፍ ውሃውን ከታችኛው ሐይቅ ወደ ላይኛው እየገፋ ያወጣዋል፤ ቀን ኤሌክትሪክ ሲፈለግ ውሃውን መልሶ እየለቀቀ መዘውር ያስዞርበታል። ነገር ግን የታችኛው ሐይቅ የሚተኛው በባቡሩ መስመር ላይ ነበር። ሐዲዱም፥ በ1842 የተከፈተው አሮጌው የባቡር ዋሻ አፍም ውሃ ውስጥ ገባ። ባቡረኞቹ በሕግ ተከራከሩ፤ ክርክሩም እስከ 1972 ድረስ ተጓቶ በስተ ኋላ ካሳ ተፈረደላቸው። እኔ በዚህ ጉዳይ ላይ ኤሌክትሪክ ሠሪዎቹን ለመውቀስ አልቸኵልም፤ ለብዙ ሺህ ቤት መብራት የሚሰጥ ነገር ከአንድ አሮጌ መስመር ሊበልጥ ይችላል። የሚያስደንቀኝ የእነዚያኞቹ ነው። ፍርዱን ቁጭ ብለው አልጠበቁም።

አንድ ወጣት መሐንዲስ ካርታ ዘርግቶ ከሐይቁ በላይ የሚያልፍ አዲስ መስመር ነደፈ። ሐይቁን ለማለፍ ባቡሩ በአጭር ቦታ ውስጥ 10 ሜትር ያህል ከፍ ማለት ነበረበት። ተራራው ገደል ስለ ሆነ ዳገቱን በቀጥታ መውጣት አይቻልም፤ ስለዚህ መስመሩ ዲአልት በተባለው ቦታ እንደ ጥምጥም ዞሮ በራሱ ላይ በድልድይ እንዲያልፍ ተደረገ። በዚያ አገር እንዲህ ያለ ዙር ያለው የመንገደኛ ባቡር ሌላ የለም። ቁፋሮው ጥር 2 ቀን 1965 በአካፋና በዶማ ተጀመረ። ቦታው የመኪና መንገድ የለውም፤ ሰውም ዕቃም የሚደርሰው በእግር ወይም በባቡሩ ነበር። በአቅራቢያው በነበረ ጥንታዊ ቤት የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ የጦር መኮንን ፈንጂ ለመጠቀም ፈቃድ ስለ ነበራቸው አለቱን በማፍረስ ረዱ። ተማሪዎች፥ ሐኪሞች፥ እስከዚያ ቀን ድረስ ዶማ ያልጨበጡ ሰዎች ለቅዳሜና እሑድ እየመጡ ድንጋይ በትንንሽ ጋሪ አመላለሱ። ገንዘብ በጠፋበት ወራት ሥራው ሊቆም ሲቃረብ፥ ይህ የዕብድ ሥራ ነው የሚላቸው ከማኅበሩ ውስጥም አልጠፋም። ከቈፋሪዎቹም ሥራው ሲጀመር ያላገቡ፥ ሲፈጸም ልጆቻቸውን ይዘው የመጡ ነበሩ።

በበጎ ፈቃድ ብቻ የማይሆነውን ደግሞ አወቁት። አዲሱ ዋሻ ከ280 ሜትር በላይ በጽኑ አለት ውስጥ የሚያልፍ ስለ ነበረ፥ በኮርንዎል የማዕድን ሥራ የሚያውቁ ባለሙያዎችን በደመወዝ ቀጥረው ከ1975 እስከ 1977 አስፈለፈሉት። ይህን ማድረጋቸውን የማነሣው የእነርሱን ክብር ለመቀነስ አይደለም፤ አለትን ያለ ዕውቀት በፈንጂ መንካት የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ስለ ሆነ ነው። በ1978 ባቡሩ ሐይቁን አልፎ ታናግሪሺያይ ደረሰ። ግንቦት 25 ቀን 1982 ደግሞ ብላይናይ ፌስቲኒዮግ ከተባለችው የድንጋይ ከተማ ገባ፤ ባቡሩን የፈቀደው አዋጅ ከወጣ ልክ 150ኛው ዓመት ነበር።

አሁን ከልቤ የማይወጣ አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ ወደ እነዚህ ባቡሮች የሚሄድ ጐብኚ የሚያየው የተወለወለ ናስና አረንጓዴ ቀለም ነው። ነገር ግን ያንን ሐዲድ ያስነጠፈው ድንጋይ የብዙ ሰው ሳንባ በልቷል። ድንጋዩ ሲሰነጠቅ የሚነሣውን ትቢያ ለዓመታት የማገ ሠራተኛ በኋላ ትንፋሽ እያጠረው ይሞት ነበር፤ ለእነዚህ ሠራተኞች ካሳ የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ1979 ነው፤ ያን ጊዜ ማውጫዎቹ አብዛኛዎቹ ተዘግተዋል። ባቡሩን ማዳን ይህን ከማስታወስ ጋር ካልሆነ፥ ባለቤቱ የተረሳ ቤት በር ላይ አበባ እንደ መትከል ነው። ደግነቱ በ2021 የሰሜን ምዕራብ ዌልስ የድንጋይ አገር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲጻፍ፥ ባቡሮቹ ከማውጫዎቹና ከሠራተኞቹ መንደሮች ጋር አብረው ተጽፈዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ለአፍሪካዊ አንባቢ ደስ ይለዋል ብዬ ልጨምር። ከፌስቲኒዮግ ጋር የሚገናኝ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር የሚሆን መስመር ሐዲዱ ከተነቀለ ከብዙ ዘመን በኋላ ከ1997 ጀምሮ እንደገና ተነጥፎ በ2011 ተፈጸመ፤ ከሐዲዱ የሚበዛውን ክፍል ያነጠፉትም በጎ ፈቃደኞች ናቸው። በዚህ መስመር ላይ የሚጎትቱት ትልልቅ ሎኮሞቲቮች በደቡብ አፍሪካ ሲሠሩ ኖረው ወደዚያ የተሻገሩ ናቸው።

የእኛን ነገር ጨርሶ ሳላነሣ ባልፍ አንባቢዬ ይታዘበኛል። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ መሠራት የጀመረው በ1897 ነው፤ ድሬዳዋ በ1902፥ አዲስ አበባ በ1917 ደረሰ። ለገሃር የምንለው ስም እንኳ «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሣይኛ ቃል የወጣ ነው። በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፥ አሮጌው መስመር በብዙ ስፍራ ሥራውን ካቆመ ቆይቶ ነበር። 784 ኪሎ ሜትር ሐዲድ በቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ ይያዛል የሚል ሞኝ አይደለሁም፤ የሚጠበቀውም ሁሉ አይደለም። ነገር ግን የትኛው ጣቢያ፥ የትኛው ድልድይ፥ የትኛው ጥቂት ኪሎ ሜትር መቆየት እንዳለበት የሚመርጥ ሰው ሣሩ ከመብቀሉ በፊት መምረጥ አለበት። የእኛ ሣር ደግሞ ሐዲድ አይዝም፤ የእኛ ነገር ሲጣል ብረቱ ይወሰዳል።

ስንብቴን ከማድረጌ በፊት እንደ ድሮ ልማዴ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ልስጥህ። የታሊሊን መስመር 11 ኪሎ ሜትር ከ670 ሜትር ነው እንበል። አግዳሚ እንጨቶቹ በየ75 ሳንቲ ሜትሩ ቢቀመጡ 15,560 እንጨት ይገባበታል። አንድ እንጨት በዚያ ዝናብ 20 ዓመት ያገለግላል ብንል፥ ሃያኛው ዓመት ሲደርስ መጀመሪያ የገባው እንጨት ተመልሶ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ በየዓመቱ 778 እንጨት ተነቅሎ 778 እንጨት መግባት አለበት። ባቡሩ በበጋ ስለሚሠራ ይህ የሚደረገው በክረምታቸው ነው፤ መንገደኛ በሌለበት፥ ሐዲዱ በእጅ ሲነካ በሚያቃጥል ብርድ፥ ከኅዳር እስከ መጋቢት።